ከሶማሌ ተራ እስከ ሚሌ፦ ለክረምቱ የበረሃ ጉዞ የትኛውን እንግዛ?

ሰኔ ገብቷል። የመርካቶው የመኪና ዕቃ መሸጫ ሶማሌ ተራ ዝናብ በዝናብ ሆኗል። ሻጩ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ቆልፎ ቆሟል፣ በር ላይ የተደረደረው ጎማ ሸራ ጣል ተደርጎበታል፣ እኛም እጃችንን ኪሳችን ከትተን ዋጋ እንከራከራለን። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እኛ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌሮች በብርድ የምንገዛው ዕቃ ከነገ ወዲያ የሚሠራው አፋር በረሃ፣ ሚሌ ላይ ነው። አዲስ አበባ ክረምት ሲሆን አፋርና ጅቡቲ የዓመቱ ዋና ሙቀታቸው ነው። አየሩ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ አስፋልቱ ደግሞ ከአየሩ በጣም ይብሳል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስተን 500 ሜትር ገደማ ወዳለ ቦታ ነው የምንወርደው። እግራችሁ መርካቶ ይቁም፣ ሐሳባችሁ ግን በረሃው ላይ፣ ገዋኔና ሎጊያ ይሁን።

ዋጋ አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት በሳምንቱ ይለወጣል። የትኛው ከየትኛው ይሻላል የሚለውን ብቻ፣ በዚህ መስመር ስመላለስ ያየሁትን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ጎማ

ከስሙ በፊት ዕድሜውን እዩ። አምና ሰኔ ላይ ለፊት እግር ሁለት ጎማ ገዛሁ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው የላስቲክ ፀጉር እንኳን ያልተነካ። ሻጩ ጎኑ ላይ ያለችውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር በጣቱ አሳየኝ፦ 2217። «22ኛው ሳምንት፣ 17 ዓመተ ምሕረት። የዘንድሮ ዕቃ ነው ጌታዬ» አለኝ። ዓመቱ እውነትም 2017 ነበር፣ በኛ። ጎማ ላይ የሚጻፈው ግን የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የ2017 22ኛ ሳምንት ማለት በኛ ግንቦት 2009 ነው። ስምንት ዓመት የሞላው ጎማ ገጥሜ ወረድኩ። ገዋኔን ሳላልፍ ግራው ፈነዳ። መሪው ከእጄ ሊወጣ ትንሽ ነው የቀረው፤ ተሳቢው ባዶ ባይሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ የምትገዙ ሰዎች፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች 25 ወይም 26 መሆናቸውን እዩ። 24ም ጥላ ውስጥ የተቀመጠ ከሆነ ይገዛል። 17 ወይም 18 አይታችሁ «አዲስ ነው» እንዳትሉ። ቁጥሩ አንዳንዴ በአንዱ ጎን ብቻ ነው የሚታተመው፣ ስለዚህ ጎማውን አስገልብጡ፣ የስልካችሁን መብራት አብሩ፣ በጣታችሁ ዳብሱ። ጎማ መንገድ ሳይነካም ያረጃል፤ ላስቲኩ ይደርቃል። የጥርሱን ሥር በአውራ ጣታችሁ ገለጥ አድርጋችሁ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካያችሁ፣ የፈለገ ቅናሽ ይደረግላችሁ፣ ተዉት።

ናይለን ወይስ ራዲያል? ናይለኑ ጎኑ ወፍራም ነው፣ ድንጋይ ይችላል፣ ዋጋውም ቀለል ይላል። ከካባ ሳይት ለሚያመላልስ ገልባጭ አልቃወምም። ግን ውስጡ ያለው የናይለን ክር ተሻግሮ ተሻግሮ የተደራረበ ስለሆነ፣ ጎማው በዞረ ቁጥር ንብርብሩ እርስ በርሱ ይፋተጋል፣ ይሞቃል፤ ያ ሙቀት ላይ የአፋርን አስፋልትና ሙሉ ጭነት ስትጨምሩበት መውጫ የለውም። ራዲያሉ ከላይ የብረት ቀበቶ አለው። ጎኑ በቀላሉ ይተጣጠፋል፣ ፊቱ መሬት ላይ ልጥፍ ይላል፣ ሙቀቱም ያንሳል። ለጅቡቲ መስመር ራዲያል ግዙ። ሁለቱን አንድ አክስል ላይ ማደባለቅ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

ካላማደሪያ (አየሩን የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ) ያለው ወይስ ያለ ካላማደሪያ የሚሠራው ቲዩብለስ? እዚህ ላይ ነው የምር ማሰብ ያለብን፣ ምክንያቱም ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ቲዩብለሱ ሚስማር ሲወጋው ቀስ እያለ ነው የሚተነፍሰው፣ ዳር ለመያዝ ጊዜ ይሰጣችኋል። ውስጡ ከጎማው ጋር የሚፋተግ ካላማደሪያም፣ ካላማደሪያውን ከብረቱ የሚለየው ላስቲክ ፍላፕም ስለሌለ ቀዝቀዝ ይላል፣ ክብደቱም ያንሳል። ካላማደሪያ ያለው ግን ሲወጋ አየሩ በአንዴ ሊወጣ ይችላል፣ ያውም በ40 ዲግሪ። በዚህ በኩል ቲዩብለሱ ያሸንፋል። በሌላ በኩል በረሃ መሀል ያለ ጎሚስታ ዘንድ ሂዱ። መዶሻ አለው፣ ሌቨር አለው፣ ላስቲክ መለጠፊያ አለው። ካላማደሪያችሁን አውጥቶ፣ ለጥፎ፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ አለመውጣቱን አሳይቷችሁ ይመልሳል። ቲዩብለስ ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ላይ ለማስቀመጥ ግን ጠንካራ ኮምፕረሰርና የለመደ እጅ ይፈልጋል። ይህ በየቦታው አይገኝም።

ቸርኬውስ? 12.00 አር 20 በሚባለው ባለ ካላማደሪያ ጎማ የሚነዳ ሰው ዝም ብሎ ቲዩብለስ ገዝቶ አይገጥምም፤ ቸርኬውንም ባለ 22.5 ኢንች አድርጎ መለወጥ አለበት። መጠኑም ይለያል። ለ12.00 አር 20 በቁመት የሚቀርበው 13 አር 22.5 ነው። ብዙ ሰው ስለሚገኝ ብቻ 315/80 አር 22.5 ይገዛል፣ እሱ ግን አጠር ይላል፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከእውነተኛው ፍጥነት አብልጦ ያሳያችኋል። የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ መኪናው ከፋብሪካው ቲዩብለስ ሆኖ ከመጣ እንዳትቀይሩት። ባለ ካላማደሪያ ከሆነ ቸርኬ ለመለወጥ የምታወጡትን ገንዘብ ለጥሩ ራዲያልና ለአዲስ የራዲያል ካላማደሪያ አውሉት። አዲስ ጎማ ውስጥ አሮጌ ካላማደሪያ የሚከት ሰው በየቀኑ አያለሁ፣ በጣም ያሳዝነኛል። አሮጌው ተለጥጦ ሰፍቷል፣ አዲሱ ውስጥ ይታጠፋል፣ የታጠፈበት ቦታ ይፋተጋል፣ እዚያው ላይ ይተረተራል።

የታደሰ ጎማ ለኋላና ለተሳቢ ጥሩ ቦታ ከታደሰ ይሠራል። ፊት ላይ ግን በፍጹም።

ጎማው ምንም ይሁን፣ ንፋስ መለኪያ ግዙ። ብዙዎቻችን በብረት መታ አድርገን በድምፁ ነው የምንለየው። ድምፁ ጨርሶ የተነፈሰውን ይነግራችኋል እንጂ 100 ፒኤስአይ መያዝ ሲገባው 80 የያዘውን አይነግራችሁም። ከሚገባው 20 በመቶ የጎደለ ጎማ እንደ ባዶ ነው የሚቆጠረው፤ ጎኑ ይጨማደዳል፣ ይግላል፣ ይገነጠላል። መንገድ ዳር የምናየው እንደ እባብ ቆዳ የተዘረጋ ላስቲክ ብዙው መነሻው ይሄ ነው። በተለይ የድርቡን የውስጡን ጎማ ማንም አያየውም። ጠዋት ሳይሞቅ ለኩ። ቀን ላይ ሲሞቅ ንፋሱ ይጨምራል፣ ይህ ጤናማ ነው፣ «በዛ» ብላችሁ እንዳታስተነፍሱት። ካስተነፈሳችሁት ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጎዶሎ ሆኖ ያድራል፣ በማግስቱ የበለጠ ይግላል።

ውሃ ወይስ ኩላንት?

ራዲያተር ውስጥ ከሚጨመረው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ከኩላንት ይልቅ «ሞተር ውሃ ነው የሚወደው» የሚሉ ጋሼዎች አሉ፣ አከብራቸዋለሁ። በነሱ ጊዜ ያለው ሞተር ሌላ ነው። የቧንቧ ውሃ ውስጡ ማዕድን አለ፤ ሲፈላ ጀበና ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር ራዲያተሩ ውስጥ ይጋገራል። ቀጭኖቹን ቱቦዎች ይደፍናል። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ቴምፕሬቸሩ ንቅንቅ አይልም፣ አዋሽ አርባን ስታልፉ መውጣት ይጀምራል። በዚያ ላይ ውሃ ብቻውን ብረት ያዝጋል፣ የናፍጣ ሞተር ካናውን (ፒስተን የሚመላለስበትን ሲሊንደር) ከውጭ እየቦረቦረ ይበሳዋል። ኩላንቱ ይህን የሚከለክል መድኃኒት ይዟል፣ የሚፈላበትንም ሙቀት ከፍ ያደርጋል።

ሲገዙ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ተበጥብጦ የተዘጋጀ ነው፣ እንዳለ ይጨመራል። ሌላው ወፍራሙ ነው፣ ግማሽ በግማሽ በተጣራ ውሃ የሚበጠበጥ። ወፍራሙ ለአንድ ሊትር ሲሰላ ብዙ ጊዜ ያዋጣል፣ ግን ሳይበጠብጡ መጨመር ስህተት ነው። ኩላንት ብቻውን ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከውሃ ያንሳል፣ ስለዚህ «ቢበዛ ይሻላል» የሚለው እዚህ አይሠራም። ከቤት ርቃችሁ ለምትሞሉት የተዘጋጀውን አንድ ጀሪካን ያዙ። ቀለሙን አትመኑ፤ አረንጓዴውም ቀዩም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ጀርባው ላይ ለከባድ የናፍጣ ሞተር የሚል እዩ።

የራዲያተር ክዳን ትንሽ ዕቃ ነው፣ ማንም አያስታውሰውም። ግፊቱን የሚይዘው እሱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ክዳኑ የላላ መኪና ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ከፍታው ነው ምክንያቱ። ላስቲኩ ከደረቀ ለውጡት፣ አሮጌው ላይ የተጻፈው ቁጥር ከአዲሱ ጋር አንድ መሆን አለበት። ውሃው ሲሞቅ የራዲያተሩን መንገድ የሚከፍተውን ቴርሞስታት «አውጥተህ ጣለው» የሚላችሁን መካኒክ ደግሞ አትስሙት። ከሞተ አዲስ ግዙ። በአንዳንድ ሞተር ቴርሞስታቱ ሲወጣ ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጭ ይዞራል፣ ሞተሩ ጭራሽ ይብስበታል።

ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ የፊት ሁለቱን ጎማና ኩላንቱን አስቀድሙ። ሌላው እስከ ሐምሌ መጨረሻ ሊቆይ ይችላል።

ለሾፌሩስ?

ኤሲ ማሠራት ወይስ ባለ 24 ቮልት ቬንትሌተር መግዛት? ቬንትሌተሩ እስከ መተሐራ ድረስ ይበቃችኋል። አየሩ ከሰውነታችሁ በላይ ሲሞቅ ግን የጋለ አየር ነው ፊታችሁ ላይ የሚረጨው። አቅም ካለ ኤሲውን አሠሩ። ከሌለ ሽርጥና ውሃ፣ እርጥብ ፎጣ አንገት ላይ፣ ከአዋሽ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳት፣ ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ጥላ ሥር ማረፍ። ረዳታችሁንም አስቡት፤ መኪና ሥር የሚገባው እሱ ነው።

አንድ የመጨረሻ ዕቃ። መኪና ሲበላሽ ድንጋይ ደርድረን ነው የምናስጠነቅቀው፣ ቅጠልም በተገኘበት እንጥላለን። የሚያንጸባርቅ ሦስት ማዕዘን እዚያው ሶማሌ ተራ ይሸጣል። ድንጋይ ማታ አይታይም። መኪናው ተሠርቶ ሲሄድ ደግሞ ድንጋዩ አስፋልቱ ላይ ይቀራል። ዲቾቶን አልፎ አንድ ሌሊት እንዲህ የተተወ ድንጋይ የመታ ባልደረባዬን ከጋቢናው ጎትተን አውጥተነዋል፣ እግሩ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሦስት ማዕዘኑን ሁለት ፍሬ ግዙ፤ አንዱን ከመኪናው ኋላ 100 ሜትር ያህል ርቃችሁ፣ ሌላውን በእሱና በመኪናው መሀል አቁሙ። ከመግዛታችሁ በፊት እግሩን ዘርግታችሁ በእጃችሁ ገፋ አድርጉት። ፕላስቲክ ብቻ የሆነውን የአፋር ንፋስ ይጥለዋል፤ እግሩ ከብረት የሆነውን ውሰዱ።