የትሪንግ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም፦ ጥቅሙ ማርጀቱ ላይ ነው

እንግሊዝ አገር የምትኖሩ ወይም ለጉብኝት የምትሄዱ፣ እንስሳት የምትወዱ ከሆነ ትሪንግን ከለንደኑ ትልቅ ሙዚየም አስቀድሙ። ሁለቱም የአንድ ተቋም ናቸው፤ የትሪንጉ ግን ትንሽ ነው፣ አደራደሩም በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደነበረው ቀርቷል። ባለጸጋው ዋልተር ሮትሽልድ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰበሰባቸውን እንስሳት ለሕዝብ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1892 ነው። በ1937 ሲሞት ለአገሩ አወረሰው። ከ4,000 በላይ እንስሳት ከወለል እስከ ጣሪያ በሚደርሱ የመስታወት ቁም ሳጥኖች ውስጥ ታጭቀዋል። መግቢያው ነጻ ነው።

ዛሬ ብዙ ሙዚየም አንድ እንስሳ አቁሞ ዙሪያውን በጽሑፍ ይሞላዋል። ትሪንግ ዘመዳሞቹን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ዓይን የሚማረውም በዚህ ነው። ከሜዳ አህዮቹ ጀምሩ። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል አንዳንዶቹ እግራቸውን አጥፈው መደርደሪያ ላይ እንደተኙ ሆነው ተሠርተዋል። መጀመሪያ ጆሮ፣ ቀጥሎ ሆድ፣ ከዚያ የመስመሩን ስፋት እዩ። ጆሮው ትልቅና ክብ፣ መስመሩ ቀጭንና የተጠጋጋ፣ ሆዱ ነጭ ከሆነ የግሬቪ ሜዳ አህያ ነው፤ በእኛ አገርና በኬንያ የሚገኘው። ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ከዡል ግሬቪ ሲሆን፣ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ አንድ በስጦታ ልከውላቸው ነበር። ኩዋጋ የሚባለው ደግሞ መስመሩ ራሱና አንገቱ ላይ ጎልቶ ወደ ኋላ እየደበዘዘ ይጠፋል። የመጨረሻዋ ኩዋጋ በ1883 አምስተርዳም ውስጥ ሞታለች። እንዲህ ያለ ፈጽሞ የጠፋ እንስሳ ቆዳና ጠጉር በአንድ ክንድ ርቀት ማየት በየትም የሚገኝ ዕድል አይደለም። ውሻ የሚመስለውንና እንደ ካንጋሮ ከረጢት ያለውን፣ እሱም የጠፋውን የታዝማንያውን ታይላሲንም እንዳታልፉት።

የተሞላ እንስሳ (ቆዳው ተገፎ በውስጡ ሰው ሠራሽ ቅርጽ የገባለት) ስታዩ የሠሪውን እጅ ለመመዘን ከንፈሩን፣ አፍንጫውንና የዓይኑን ዙሪያ ተመልከቱ። ቆዳ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፤ ሥራው ደካማ ከሆነ ከንፈር ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጆሮ ይጨማደዳል፣ በሆድና በእግር ውስጠኛ በኩል ያለው ስፌት ይከፈታል። ዓይኑ እውነተኛ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ብርጭቆ ነው። የአፍንጫው እርጥበት የሚመስለውም ቀለም ነው። ዓሦች ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የዓሣ ቆዳ ከሞተ በኋላ ቀለሙን ስለሚያጣ የምታዩት የሠዓሊው ሥራ እንጂ የዓሣው መልክ አይደለም። የአጥቢዎቹም ቢሆን ከመቶ ዓመት በኋላ ቡናማው ወደ ገለባ ቀለም፣ ጥቁሩ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ይህን የሚያደርገው ብርሃን፣ በተለይም አልትራቫዮሌት ነው። ስለዚህ መብራቱ ደመቅ አላለም ብላችሁ አትቀየሙ።

ሌላው ጠላት ነፍሳት ናቸው። የጥቃቅን ጥንዚዛዎች እጭ ጠጉርና ላባ ይበላል፤ ከእንስሳው ሥር ደቃቅ ዱቄት የሚመስል ነገር ወይም በቆዳው ላይ ራሰ በራ ቦታ ካያችሁ ምልክቱ እሱ ነው። ይህን ለመከላከል በድሮ ጊዜ ቆዳውን በአርሴኒክ ያሹት ነበር። መርዙ ዛሬም ቆዳው ላይ ሊኖር ስለሚችል፣ በየትኛውም አሮጌ ሙዚየም ከመስታወት ውጭ የቆመ እንስሳ ብታገኙ ልጆች እንዳይነኩት ያዙ።

ፎቶ ለማንሳት ፍላሽ አጥፉ፣ ሌንሱን መስታወቱ ላይ አስጠጉ፣ ዙሪያውን በእጃችሁ ወይም በጥቁር ጨርቅ ጋርዱ። ነጸብራቁ ይጠፋል።

ውሾቹ ብዙ ጎብኚ በሩጫ የሚያልፋቸው ናቸው፤ አትለፏቸው። የዛሬ መቶ ዓመት የነበረ ዝርያ ቅርጹ ከአሁኑ ምን ያህል እንደሚለይ በግልጽ ይታያል። በ1929 እና በ1930 የእንግሊዝን ግሬይሀውንድ ደርቢ (የውሾች ሩጫ ውድድር) ያሸነፈው ውሻ ሚክ ዘ ሚለርም እዚያው ነው። ልብስ የለበሱት የሜክሲኮ ቁንጫዎች ለልጆች ደስ ይላሉ። የአውራሪሶቹ ቀንድ ሐሰተኛ ነው፤ በ2011 ሌቦች ገብተው ሁለት ቀንድ ሲወስዱ ያገኙትም ሬዚን የሚባል ፕላስቲክ መሰል ነገር ነበር።

ለእኛ የሚቀርበው ናሙና ግን በአዳራሹ ውስጥ የለም። በ1990 በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ መንገድ ላይ በመኪና ተደፍጥጣ ከተገኘች ናይትጃር የምትባል የማታ ወፍ የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ የተመዘገበችው በዚያ ክንፍ ነው፤ እስካሁንም ሌላ ናሙና አልተገኘላትም። ክንፉ የሚቀመጠው ትሪንግ ባለው የወፎች የጥናት ክምችት ውስጥ ነው፤ ክምችቱም ለተመራማሪ በቀጠሮ እንጂ ለጎብኚ ክፍት አይደለም። አንድ ትልቅ ጉድለቱ ይህ ነው እንላለን፦ እንዲህ ያለ ታሪክ ከግድግዳው ጀርባ ሲቀመጥ የሚያጣው ሕዝቡ ነው። የወፍ ጥናት ላይ ያላችሁ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲያችሁ በኩል፣ የምትመረምሩትን ነገር ለይታችሁ ጻፉላቸው።

ከለንደን ዩስተን ጣቢያ በባቡር 40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የትሪንግ ጣቢያ ከከተማው 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ የአውቶቡስ ሰዓት አይታችሁ ወይም ታክሲ ይዛችሁ ሂዱ። የመክፈቻ ቀኑን አስቀድማችሁ ድረ ገጹ ላይ አረጋግጡ። ለአዳራሾቹ ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ግን ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሰሞን ከመሄድ ተቆጠቡ።