ለጁን 16 የሚለበስ ልብስ፦ የደቡብ አፍሪካ ዲዛይነሮች ሥራ ከጆሃንስበርግ ሲታይ

ደቡብ አፍሪካ ጁን 16ን፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 9 ቀንን፣ ከ1995 ጀምሮ የወጣቶች ቀን ብላ በብሔራዊ በዓልነት ታከብራለች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዓሉ ሲደርስ ትምህርታቸውን ከጨረሱ ብዙ ዘመን ያለፋቸው ሰዎች ሳይቀሩ የተማሪ ዩኒፎርም ለብሰው ይታያሉ። የአገሬውን ወጣት ዲዛይነሮች ሥራ ገዝቶ በመልበስ ቀኑን ማክበር የሚመርጡም አሉ፤ እኔም ጆሃንስበርግ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ የምመርጠው ይህንኑ ነው። ሆኖም በዚህ ሰሞን «የወጣቶች ቀን» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት የሚሸጠው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ከጨርቁ ጀምሮ እስከ ቁልፉ ድረስ ታስቦበት የተሠራ ነው፤ ሌላው ደግሞ የበዓሉን ስም ብቻ የተሸከመ ነው። ገንዘቡን ቆጥቦ ለሚገዛ ሰው ልዩነቱን ማሳየት ይገባል ብዬ ስለማምን የገዛኋቸውንና በቅርብ ያየኋቸውን እዚህ እገመግማለሁ።

ልብስ በዚህ ቀን ላይ ያለውን ቦታ ለመረዳት ዓለም የሚያውቀውን አንድ ፎቶግራፍ ማስታወስ ይበቃል። በጁን 16 ቀን 1976 በጆሃንስበርግ የጥቁሮች ሰፈር በሶዌቶ የሚኖሩ ተማሪዎች የነጭ ገዢዎቹ ቋንቋ የነበረው አፍሪካንስ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን የወጣውን መመሪያ በመቃወም ሰልፍ ሲወጡ ፖሊስ ተኩስ ከፈተባቸው፤ ሳም ንዚማ ባነሳው ፎቶግራፍ ላይ በጥይት የተመታውን የ12 ዓመቱን ሄክተር ፒተርሰንን ታቅፎ የሚሮጠው ምቡዪሳ ማኩቦ የሥራ ቱታ ለብሷል፤ ከጎኑ የምትሮጠው የሄክተር እህት አንቶይኔት ደግሞ የተማሪ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ናት። ዛሬም ሰዎች ዩኒፎርም የሚለብሱት እነዚያን ልጆች ለማሰብ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከ1991 ጀምሮ ይኸው ዕለት የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ሆኖ እንዲታሰብ ስላደረገ፣ ቀኑ አዲስ አበባ ላለ አንባቢም እንግዳ አይሆንበትም።

በመጀመሪያ የማነሳው ከሁሉ አብልጬ የወደድኩትን፣ ኒውታውን አካባቢ በምትሠራ አንዲት ወጣት ዲዛይነር ያሰፋሁትን የሽዌሽዌ ሸሚዝ ነው። ሽዌሽዌ ደቡብ አፍሪካውያን የራሳቸው ያደረጉት የጥጥ ጨርቅ ሲሆን፣ ጥንት ከአውሮፓ ይመጣ የነበረው ባለ ጥቁር ሰማያዊ መደብ ነው፤ አሁን በቡናማና በቀይም ይገኛል። በተለይ በምሥራቅ ኬፕና በሌሶቶ ያሉ ሴቶች ለሠርግ፣ ለለቅሶና ለማንኛውም ክብረ በዓል ሲለብሱት ኖረዋል። ጥለቱ የሚወጣበት መንገድ ከተለመደው የጨርቅ ኅትመት የተለየ ነው፤ ጨርቁ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ በቀለም ይነከርና፣ ቀጥሎ ቅርጽ በተቀረጸባቸው የመዳብ ጥቅልሎች መካከል ሲያልፍ ደካማ አሲድ በተፈለገው ቦታ ላይ ቀለሙን እየነቀለ ነጫጭ ነጠብጣቦችንና መስመሮችን ያወጣል። ጥለቱ ከላይ የተቀባ ሳይሆን ከቀለሙ ውስጥ የወጣ ስለሆነ ሲታጠብ አይላጥም።

«ሦስት ድመቶች» የሚባለውን ታዋቂ ምልክት የያዙት የመዳብ ጥቅልሎች ቀድሞ በእንግሊዝ ይሠራባቸው የነበሩ ናቸው፤ በ1992 መብቱን የገዛው ዳ ጋማ የተባለው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዝዌሊቻ ወደምትባለው የምሥራቅ ኬፕ ከተማ አምጥቷቸዋል። ዲዛይነሯ ጣቃውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ትክክለኛው ጨርቅ እንዴት እንደሚታወቅ አሳየችኝ። መጀመሪያ ጀርባውን ገልብጣ የፋብሪካውን ማኅተም ጠቆመችኝ፤ ከዚያ ወርዱን በሜትር ለካችው፤ ዘጠና ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። አስመስለው የተሠሩት ጨርቆች ወርዳቸው ብዙውን ጊዜ ከዚህ እንደሚበልጥ ነገረችኝ። በመጨረሻ ጫፉን በጣቶቿ ስትጨምቀው እንደ ወፍራም ወረቀት ኮሽ አለ፤ አዲሱ ሽዌሽዌ በስታርች የደረቀ ነውና። ምላስ ላይ ጨው ጨው ይላል፤ የለየለት ሽታም አለው። አሮጊቶቹ ገበያ ላይ ጨርቁን በምላሳቸው ነክተው የሚገዙት ለዚህ ነው። አንዴ ሲታጠብ ድርቀቱም ሽታውም ይጠፋና ለስላሳ ጥጥ ይሆናል።

የሸሚዙ አቆራረጥ ቀላል ነው፤ አንገቱ የተማሪ ሸሚዝ አንገት ነው፤ ደረቱ ላይ አንድ ኪስ ብቻ አለው። ዲዛይነሯ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ቅርጽን በሽዌሽዌ ጨርቅ የሠራችው ሆን ብላ ነው፤ በበዓሉ ቀን ዩኒፎርም የመልበስን ልማድና የእናቶችን ጨርቅ በአንድ ልብስ ላይ ማገናኘት ፈልጋ። አሳቡ በራሱ ግሩም ነው፤ እኔን የማረከኝ ግን ሥራው ነው። ኪሱ ላይ ያሉት ትናንሽ ክቦች ከደረቱ ክቦች ጋር ምንም ሳይዛነፉ ስለገጠሙ ኪስ መኖሩ እንኳ የሚታወቀው ቀርቦ ላየው ነው። የውስጥ ስፌቱ ሁሉ ጠርዙ ታጥፎ የተዘጋ በመሆኑ የሚተረተር ክር የለውም። ጉድለት ከተባለ እጅጌው ለእኔ ትንሽ አጥሯል፤ ይህም ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ ባለመድረቁ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ የመጣ ነው። የሚያሰፋ ሰው ጨርቁ አስቀድሞ እንዲታጠብ ቢያሳስብ መልካም ነው። ለጨርቅና ለስፌት የከፈልኩት ከአንድ ታዋቂ የገበያ ማዕከል ሸሚዝ ዋጋ ብዙም አይበልጥም።

ሁለተኛው የዋጋው ነገር የሚያሳስብ፣ ሥራው ግን ዓለም የመሰከረለት ማኮሳ አፍሪካ የተባለው የሹራብ ልብስ ድርጅት ነው። መሥራቹ ላዱማ ንጎኮሎ የሹራብ ሥራን ከእናቱ የተማረ የፖርት ኤልዛቤት ልጅ ነው። ሥራውን በ2010 ሲጀምር መነሻው የወጣቶች ጉዳይ ነበር። በኮሳ ብሔረሰብ ባህል ከግዝረትና ከተራራ ቆይታ በኋላ ወደ ቤተሰባቸው የሚመለሱ ጎረምሶች፣ አማክርዋላ የሚባሉት፣ ወደ ጎልማሳነት መሸጋገራቸውን የሚያሳይ አዲስና የተከበረ ልብስ ለወራት መልበስ ይጠበቅባቸዋል፤ ቤተሰቦቻቸውም ለዚህ የሚገዙላቸው የውጭ አገር ሹራብ ነበር። ላዱማ የኮሳን የዶቃ ሥራ ጥለቶች ወደ ሹራብ ቀይሮ ለእነዚህ ወጣቶች የራሳቸውን ልብስ ሰጣቸው። የሚጠቀመው የአገሩን የሜሪኖ በግ ሱፍና የአንጎራ ፍየል ጠጉር ነው፤ ሞሄር የሚባለውን ይህን ጠጉር በማምረት ደቡብ አፍሪካ ከዓለም ቀዳሚዋ ናት።

በሱቁ ውስጥ ካርዲጋኑን ገልብጬ ውስጡን ስመለከት የጥለቱ ቀለማት በጀርባም በሥርዓት ተሠርተው አገኘኋቸው፤ ረዝሞ የተንጠለጠለና ጣት ወይም ቀለበት የሚይዝ ክር አልነበረም። ጁን በጆሃንስበርግ የብርድ ወር ነው፤ ጠዋት ውርጭ ይጥላል፤ ስለዚህ ለወጣቶች ቀን ከቲሸርት ይልቅ ሹራብ የሚያስፈልግ ልብስ ነው። ይሁንና አንዱ ካርዲጋን በሺዎች የሚቆጠር ራንድ ስለሚያወጣ፣ የተሠራላቸው ወጣቶች ራሳቸው ሊገዙት የሚችሉ አይመስለኝም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። በ2018 ዛራ የተባለው የስፔን ኩባንያ ከማኮሳ ጥለት ጋር የሚመሳሰል ካልሲ አውጥቶ፣ ጥለቱን ቀድቷል የሚል ወቀሳ ሲነሣበት ካልሲውን ከሽያጭ ማንሳቱም ይታወሳል፤ ትላልቆቹ የሚመኙት ሥራ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። አቅም ያለው ሰው ቢገዛው ዘመን የሚሻገር ልብስ ያገኛል፤ አቅም የሌለው ግን ዕዳ ገብቶ እንዲገዛ አልመክርም።

ከኪምበርሊ የተነሣውና ኤልቪኤምኤች የተባለው የፈረንሳይ የቅንጦት ዕቃዎች ኩባንያ ለወጣት ዲዛይነሮች የሚሰጠውን ሽልማት በ2019 በማግኘት የመጀመሪያው አፍሪካዊ የሆነው ዲዛይነር ቴቤ ማጉጉም በዚሁ የዋጋ ደረጃ ላይ ስለሆነ አልዘረዝረውም። ይልቅ በ2000 ንክሄንሳኒ ንኮሲ የመሠረተችውን ስቶንድ ቼሪ የተባለ የልብስ ድርጅት ማንሳት እወዳለሁ። የጥቁር አንባቢዎች መጽሔት የነበረውን የድራምን የድሮ ሽፋኖችና የጸረ አፓርታይድ ታጋዩን የስቲቭ ቢኮን ምስል በቲሸርት ላይ ያወጣችው እርሷ ናት፤ አንድ ትውልድ ታሪኩን ደረቱ ላይ ይዞ እንዲሄድ አድርጋለች። ዛሬ በዓሉ ሲቃረብ የሚታተሙት ቲሸርቶች ሁሉ የእርሷን ፈለግ የተከተሉ ይመስሉኛል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ጥንቃቄዋን አልወረሱም።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ብራምፎንቴን ውስጥ «የአገር ውስጥ ዲዛይነሮች ብቻ» ብሎ ከሚያስተዋውቅ አንድ ሱቅ ለእህቴ ልጅ የሶዌቶን ሰልፈኞች ምስል የያዘ ጥቁር ቲሸርት ገዛሁ። በመጀመሪያው እጥበት የሰልፈኞቹ ፊት መሰነጣጠቅ ጀመረ፤ በሁለተኛው ተላጠ። ልጁ አንገቱን እንደሚያሳክከው ሲነግረኝ መለያውን አየሁት፤ «በደቡብ አፍሪካ የተሠራ» በሚለው አዲስ መለያ ሥር በመቀስ የተቆረጠ የሌላ መለያ ቁራጭ እንደተሰፋ ቀርቷል። ቲሸርቱ በጅምላ ከውጭ መጥቶ እዚህ ምስል ብቻ የታተመበት ነው ማለት ነው። መመለስ ስፈልግ ሻጩ በበዓል ቅናሽ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም አለኝ።

በዚህ አገር የሸማቾች ጥበቃ ሕግ መሠረት ይህ መልስ ተቀባይነት የለውም። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ዕቃውን ከተረከበበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ እንዲጠገንለት፣ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል፤ ልብስም የተሠራበት አገር በመለያው ላይ በትክክል ሊጻፍበት ይገባል። ይህን በእርጋታ አስረድቼ ኃላፊው ሲጠራ ገንዘቤ ተመለሰልኝ። የገንዘቡን ነገር ትቼ ከልብ ያስቆጣኝ ሌላው ነው፤ በጥይት የተመቱ ልጆችን ምስል ለሁለት እጥበት እንኳ በማይቆይ ቀለም አትሞ መሸጥ ለሞቱትም ለሚለብሰው ልጅም ክብር መንፈግ ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ወገኖችም የሚመለከት ነገር አለ። ዛሬ ራሂማ ሙሳ ጎዳና በሚባለው፣ እኛ ግን አሁንም ጄፒ በምንለው ሰፈር፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በልብስና በጨርቅ ንግድ ይተዳደራሉ፤ ከደርባንና ከገጠር ከተሞች ሳይቀር የሚመጡ ቸርቻሪዎች የሚያወርዱት ከእነርሱ ነው። ከውጭ የገባ የሽዌሽዌ ቅጂ እዚያም በብዛት ይሸጣል። ነጋዴው ገበያው የጠየቀውን ማቅረቡ አያስወቅሰውም፤ ቅጂውን ቅጂ ብሎ እስከሸጠ ድረስ። ሽሮ ሜዳ ላይ በማሽን የታተመ ጥበብ የሸማኔውን ሥራ እንዴት እንደጎዳው የምናውቅ ሰዎች ግን የሰው አገር ሸማኔና ጨርቅ ሠሪ ምን እንደሚሰማው ለመረዳት ማንም አያሻንም። አንዳንድ የጄፒ ነጋዴዎች ትክክለኛውን ጣቃ ለብቻ አስቀምጠው፣ ማኅተሙን አሳይተው፣ የዋጋውን ልዩነት አስረድተው ሲሸጡ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ነጋዴ ፈልጎ ከእርሱ መግዛት ይበጃል።

ለሚቀጥለው በዓል መዘጋጀት የሚፈልግ ሰው ጨርቁን በኤፕሪል ገዝቶ፣ በቤቱ አጥቦና ተኩሶ፣ ከሜይ አጋማሽ በፊት ለልብስ ሰፊ ቢሰጥ ጥሩ ነው፤ ጁን ከገባ በኋላ ጥሩ ሰፊዎች ትእዛዝ አይቀበሉም፣ የሚቀበሉትም ይቸኩላሉ። ለአንድ ሸሚዝ ጨርቁ ጠባብ መሆኑን አስቦ ከተለመደው ግማሽ ሜትር ያህል መጨመር ያስፈልጋል። በሽዌሽዌ የተሰፋ ሸሚዝ ሴፕቴምበር 24 ለሚከበረው የቅርስ ቀንም ስለሚለበስ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ታትሞ ከሚሸጥ ቲሸርት ይልቅ ወጪውን በደንብ ይመልሳል።