ጅማ ላይ የወሰድኩት የታካሚዎች ስልጠና፦ ምሳው ጥሩ፣ ልምምዱ ግሩም፣ ሰዓቱ ግን…

ጅማ የአእምሮ ጤና ባለሙያ የሚሰለጥንባት ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው ስንቱን አስመርቋል። መድኃኒቱን የምንውጠው እኛ ስንሰለጥን ግን ያየሁት ገና አሁን ነው። የአእምሮ ሕክምና የሚከታተሉ ሰዎች ከጤና ጣቢያና ከጤና ጽሕፈት ቤት ሰዎች ጋር ተቀምጠው «አገልግሎቱ እንዲህ ቢሆን» እንዲሉ የሚያዘጋጅ ስልጠና ነው። የአዘጋጁን ስም ትቼ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የመብት ክፍሉ ያሰለቻል ብዬ ነበር፤ አላሰለቸም። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቶ ኢትዮጵያ በ2010 አጽድቃዋለች። የረጅም ጊዜ የአእምሮ ጉዳት ያለበትንም ሰው ያካትታል። እነሱን የሚነካ ሕግና ፖሊሲ ሲወጣ ራሳቸው ይማከሩ ይላል። ኤመራልድ ስለሚባለው፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች ስለተካሄደው የአእምሮ ጤና ፕሮጀክትም ሰማን። ታካሚና አስታማሚ አቅም ኖሮት እንዲሳተፍ ማድረግ ከሥራዎቹ አንዱ ነበር።

ዋናው ግን ልምምዱ ነው። አንዷ ሰልጣኝ ካርድ ክፍል የገጠማትን አወራች። ሠራተኛው ኮሪደር ላይ ቆሞ ስሟን ይጠራና «የአእምሮ ታካሚዋ!» ብሎ ይጮኻል፣ የሰፈሯ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያያታል፣ እሷም ከዚያ በኋላ ቀጠሮ መሄድ ትታ መርፌዋ አለፈ። ሌላ ቦታ ቢሆን «አይዞሽ» ተብላ ታልፋለች። አሰልጣኟ ማርከር ሰጠቻትና «እሺ፣ ምን ይደረግ? ማን ያድርገው? ብር ይፈልጋል?» አለቻት። ትንሽ ቆይታ «በካርድ ቁጥር ይጥሩን» ብላ ጻፈች። አምስት ሳንቲም አያስወጣም! ከዚያ ወንበር ደርድረን የውሸት ስብሰባ ተቀመጥን። ኃላፊ የሆነው ልጅ ሰዓቱን እያየ «በጀት የለም» ሲል በሳቅ ሞትን፤ እሷ ግን ሳትደነግጥ «በጀት አልጠየቅንም» ብላ መለሰችለት። ይቺን ልምምድ ብቻ ብለው ቢጠሩኝ ነገም እሄዳለሁ።

አስታማሚዎችን ለግማሽ ቀን ለብቻ ማስቀመጣቸውም በጣም ተመችቶኛል። እህትና ወንድም አጠገብ ካለ እኮ እኛ አፍ የለንም፤ እነሱ ናቸው የሚመልሱልን።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ስልጠናው ጠዋት 2:30 ይጀምራል። ማታ ክሎርፕሮማዚን የሚባለውን፣ እንቅልፍ የሚያበዛ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የዋጠ ሰው በዚያ ሰዓት ግማሹ አልጋ ላይ ነው። አጠገቤ የነበሩት አባት እስከ ሻይ ዕረፍት ድረስ አንገታቸው አልቀና አለ። ስለ አገልግሎት ሐሳብ ስጡ የሚሉን ሰዎች ሰዓቱን እንኳ አላማከሩንም። ትራንስፖርቱ ደግሞ በመጨረሻው ቀን ነው የተከፈለው፤ ሥራ የሌለው ሰው ከአጋሮ እየተበደረ ስንት ቀን ይመላለሳል? መቅረት የጀመሩት እነሱ ናቸው። ወረቀቱ ሁሉ በአማርኛ ነው። ከሰቃና ከሰርቦ የመጡት እናቶች የሚቀናቸው አፋን ኦሮሞ ነው። አሰልጣኟ ሁለቱንም እያቀያየረች አስረዳች፣ እግዜር ይስጣት፤ ወረቀቱ ግን እንደታጠፈ ነው ቤት የገባው። ምሳው አንደኛ ነበር። ቡናው ግን፣ ጅማ ተቀምጦ እንዲህ ያለ ቡና ማቅረብ ነውር ነው።

ከሁሉ የከፋው፣ ነርሶቹና ኃላፊዎቹ ለመክፈቻ መጥተው፣ ንግግር አድርገው፣ ፎቶ ተነስተው ሄዱ። ያንን ሁሉ ልምምድ አላዩም። በኋላ እውነተኛው ስብሰባ ላይ ከሰልጣኞቹ ሁለታችን ስንጠራ ቃለ ጉባኤው ተጽፎ ጠበቀን፣ «እዚህ ጋ ፈርሙ» ተባልን። የካርድ ቁጥሩን ጉዳይ ያነሳነው ሰው ወንበሩን እየሳበ ሲነሳ ነው። ለእኔ መድኃኒቱ፣ እነሱ ከእኛ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን መሰልጠናቸው ነው። ደግሞ ተወካይ ሁልጊዜ በጥንድ ይላክ። አንዱ ቢታመም ሌላው ይገባል፣ «ታዲያ ታካሚ አይቀጥልም» የሚሉበትም ሰበብ ያጣሉ።

ከተጠራችሁ ሂዱ፣ ይጠቅማል። ብቻ ከመመዝገባችሁ በፊት ትራንስፖርቱ በየቀኑ ይከፈል እንደሆነ ጠይቁ። ከስልጠናው በኋላ የትኛው ስብሰባ ላይ እንደምትቀመጡም ቁርጡን ይንገሯችሁ። «በሂደት እናየዋለን» ካሉ ሰርተፍኬቱንና ምሳውን ብቻ አስባችሁ ሂዱ።