በዘፈን፣ በአልበም ወይስ በደቂቃ? የሙዚቃ ማውረጃ ደንበኝነቶች ንጽጽር

ሙዚቃን በየወሩ እየከፈለ ከማዳመጥ ይልቅ ፋይሉን ገዝቶ የራሱ ማድረግ ለሚፈልግ ሰው ዛሬም አማራጭ አልጠፋም። የሚያስቸግረው መደብሮቹ ዋጋ የሚቆጥሩበት መንገድ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው፤ አንዱ በትራክ ብዛት፣ ሌላው በአልበም፣ ሌላው በዓመታዊ ቅናሽ፣ ሌላው ደግሞ ሙዚቀኛው ራሱ በወሰነው ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ በአንዱ መደብር በጣም ርካሽ የሆነው አልበም በሌላው ውድ ሆኖ ይገኛል፤ ገዢውም ከወርኃዊው ክፍያ በፊት ሊያጣራ የሚገባው የመቁጠሪያውን ስልት ነው። ከዚህ በታች ኢሚዩዚክ፣ ባንድካምፕ፣ ኮቡዝና አይቲዩንስ በዚህ ዓይን ይነጻጸራሉ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር፣ ዋጋው በአሜሪካ ዶላር ነው፤ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ከመክፈል በፊት መደብሩ ላይ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በምሳሌነት የተጠቀሱት አልበሞችም ስሌቱን ለማሳየት የቀረቡ ናቸው እንጂ ሁሉም በየመደብሩ አሉ ማለት አይደለም።

በትራክ ብዛት የሚከፈል ደንበኝነት

ኢሚዩዚክ በ1998 የተመሠረተ ሲሆን የቅጂ መከላከያ ቁልፍ የሌለበትን ኤምፒ3 ለሽያጭ በማቅረብ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። እስከ 2003 ድረስ ደንበኛው በወር 9.99 ዶላር ከፍሎ የፈለገውን ያህል ማውረድ ይችል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ገደብ ተበጀለትና ለዚያው ገንዘብ 40 ትራክ ብቻ ይሰጠው ጀመር፤ አንዱ ትራክ 25 ሳንቲም ገደማ ወጣለት ማለት ነው። በ2009 የሶኒ ካታሎግ ሲገባ ደግሞ መነሻው 11.99 ዶላር ለ24 ክሬዲት (አንዱ ክሬዲት አንድ ትራክ ያስወርዳል) ሆነ፤ የአንዱ ክሬዲት ዋጋም ወደ 50 ሳንቲም ተጠጋ።

በዚህ ስልት አርባ ሴኮንድ የሚፈጅ መሸጋገሪያና አንድ ሰዓት ሊሞላ የተቃረበ ድርሰት እኩል አንድ ክሬዲት ይቆጠራሉ። ነገሩ የቱን ያህል እንደሚያራርቅ ለማየት የአሜሪካዊውን የስቲቭ ራይሽን «ሙዚክ ፎር 18 ሙዚሽያንስ» መመልከት ይበቃል። ኢሲኤም የተባለው የጀርመን አሳታሚ በ1978 ያወጣው ቅጂ በሲዲ ላይ 56 ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ትራክ ነው፤ ነንሳች በ1998 ያወጣው ቅጂ ግን 67 ደቂቃውን በ14 ትራክ ከፋፍሎታል። ድርሰቱ ያው ሆኖ ሳለ በ25 ሳንቲም ስሌት የመጀመሪያው 25 ሳንቲም፣ ሁለተኛው 3.50 ዶላር ያወጣል። በተቃራኒው የባኽ «ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ» በመግቢያና በመዝጊያ አርያዎቹ መካከል 30 ልዋጮች ስላሉት አብዛኛውን ጊዜ 32 ትራክ ሆኖ ይታተማል። ግሌን ጉልድ በ1955 የቀዳው 38 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ሆኖ ሳለ በትራክ ሲቆጠር ግን ከወሩ 40 ክሬዲት 32ቱን ይወስዳል።

ከዚህ የሚገኘው ሚዛን ቀላል ነው፤ የአልበሙን ዋጋ በደቂቃዎቹ አካፍሎ በ60 ማባዛት። የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» 5 ትራክ ይዞ 45 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ25 ሳንቲም ስሌት 1.25 ዶላር ስለሆነ ለአንድ ሰዓት ሙዚቃ የሚከፈለው 1.67 ዶላር ገደማ ነው። የጉልድ ጎልድበርግ በዚያው ስሌት 8 ዶላር ይሆንና ለሰዓቱ ወደ 12.60 ዶላር ያስወጣል። ክሬዲቱ 50 ሳንቲም ሲሆን ደግሞ ያው ጎልድበርግ 16 ዶላር ይገባል፤ ያለ ምንም ደንበኝነት 9.99 ዶላር ከሚሸጥ አልበም ይበልጣል ማለት ነው።

የኢትዮጵያን ሙዚቃ የሚገዛ ሰውም ይህ ስሌት በቀጥታ ይመለከተዋል። የተለመደው የአማርኛ አልበም ከ10 እስከ 14 ዘፈን ስለሚይዝ በትራክ ብዛት ሲገዛ የተለየ ትርፍ የለውም፤ ጉዳትም የለውም። «ኢትዮፒክስ» በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ ሕትመት የሙላቱ አስታጥቄ ቁጥር 4 ባለ 14፣ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ቁጥር 21 ባለ 16 ትራክ ነው። የኃይሉ መርጊያ የ2018 አልበም «ላላ በሉ» ግን 6 ትራክ ብቻ ነው። ትርፉ ያለው የመሣሪያ ሙዚቃ ላይ፣ እየተጎተቱ በሚሄዱ ትዝታዎች ላይና በተለይም የበገና ቅጂዎች ላይ ነው፤ በገና ደርዳሪ ቸኩሎ አይጨርስምና። የአውሮፓ ክላሲካልና የ1960ዎቹ ጃዝ ወዳጆችም በዚህ ስልት የተጠቀሙትን ያህል ማንም አልተጠቀመም።

ሻጩም ይህን ሳያውቅ አልቀረም። በ2009ኙ ለውጥ ከ12 ትራክ በላይ ያላቸው ብዙ አልበሞች በ12 ክሬዲት እንዲሸጡ ተደረገ፤ ይህ ባለ 16ና ባለ 32 ትራክ አልበም ለሚገዛ ትልቅ እፎይታ ነበር። በሌላ በኩል ረጃጅም ትራክ ያላቸው አንዳንድ አልበሞች፣ ትራኮቻቸው አምስት ወይም ስድስት ሆነው ሳለ፣ ተነጣጥለው እንዳይወርዱ ተደርጎ እነርሱም 12 ክሬዲት ተተመነባቸው። በ2010 መጨረሻ ደግሞ ክሬዲቱ ቀርቶ በዶላር መሸጥ ተጀመረ፤ ትራኩ ከ49 እስከ 89 ሳንቲም ሆነ። ከዚያ በኋላ የትራክ ቆጠራው ብልሃት ጉልበቱ ቀነሰ፤ የሚጠቅመው በአልበም የተቆረጠውን ዋጋና የትራኮቹን ድምር ጎን ለጎን አይቶ ያነሰውን መውሰድ ነው። ባለ 5 ትራክ አልበም በድምር ሲገዛ ከአልበሙ ዋጋ በታች የሚወርድበት አጋጣሚ በየትኛውም በትራክ የሚሸጥ መደብር አለ፤ አምስቱም ለየብቻ የሚሸጡ ከሆነ ማለት ነው።

በዚህ ዓይነት ደንበኝነት ርካሹን የሚያስወድደው ዋናው ነገር የወሩ ማለቂያ ነው። በኢሚዩዚክ የክሬዲት ዘመን ያልተነካ ክሬዲት ወደ ቀጣዩ ወር አይተላለፍም ነበር። ከ40 ክሬዲት 28ቱን ብቻ የተጠቀመ ሰው አንዱን ትራክ የገዛው በ25 ሳንቲም ሳይሆን በ36 ሳንቲም ገደማ ነው። ልምድ ያለው ደንበኛ ትራክ ያነሰባቸውን አልበሞች ዝርዝር ይዞ ይቆይና የወሩን ቅሪት ይሞላበት ነበር፦ የእማሆይ 16፣ የሙላቱ 14፣ የኃይሉ መርጊያ 6፣ ከዚያም በአራት ትራክ የታተመ የቤትሆቨን 9ኛ ሲምፎኒ ተደምረው ልክ 40 ይሆናሉ፤ የመጨረሻው ብቻውን ከአንድ ሰዓት ይበልጣል። ሁለት ሲዲ የሚሞላ አልበምም ግማሹን በወሩ መጨረሻ፣ ግማሹን ክፍያው ከታደሰ በኋላ ማውረድ ይቻል ነበር። ይህን ሁሉ መከታተል የሚሰለቸው ሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ያለ ደንበኝነት ውስጥ ባይገባ ይሻለዋል።

የአልበሙን ገጽ ሲከፍቱ ዓይን መጀመሪያ ሊያርፍ የሚገባው በቀኝ በኩል ባለው የደቂቃ ዓምድ ላይ ነው። 0:32፣ 0:47፣ 1:05 የሚሉ ቁጥሮች ከተደጋገሙ ጭብጨባ፣ የመድረክ ንግግር ወይም የሂፕሆፕ አልበሞች የሚያዘወትሩት አጭር ጭውውት ነው ማለት ነው። በትራክ በሚሸጥ መደብር እነዚህን ትቶ ቀሪውን ማውረድ ነውር የለውም።

ባንድካምፕ

ባንድካምፕ ለገዢው ወርኃዊ ደንበኝነት የሚጠይቅ መደብር አይደለም፤ በዚህ ንጽጽር የገባው ለብዙ የአማርኛ አንባቢዎች ከደንበኝነቱ የተሻለ ሆኖ ስለሚገኝ ነው። በ2008 ሥራ የጀመረ ሲሆን ዋጋውን የሚወስነው ሙዚቀኛው ወይም አሳታሚው ነው። ገዢው ከተጠየቀው በላይ መክፈል ይችላል፤ አንዳንዱም ዝቅተኛው ዋጋ ዜሮ ነው። ከዲጂታል ሽያጭ መደብሩ የሚወስደው 15 በመቶ ሲሆን ሽያጩ ሲበዛ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። የተገዛው አልበም በኤምፒ3፣ በኤፍላክ (የድምፁ ጥራት ሳይቀንስ በሚታመቅበት የፋይል ዓይነት)፣ በዌቭና በሌሎችም ዓይነቶች ይወርዳል፤ ለተሻለ ጥራት ተጨማሪ ክፍያ የለም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ሲነጻጸር ክብደት አለው፤ ሌላ ቦታ የጥራት ልዩነቱ ራሱን ችሎ ይሸጣልና።

እዚህ ትርፍ የሚገኘው በትራክ ቆጠራ አይደለም። አንደኛው መንገድ የአንድን ሙዚቀኛ ወይም አሳታሚ ሥራዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ መግዛት ነው፤ ብዙዎቹ ለዚህ ቅናሽ ያደርጋሉ፤ የቅናሹን መጠን የሚወስኑት ግን ራሳቸው ስለሆኑ ከአንዱ ወደ አንዱ በእጅጉ ይለያያል። ሌላው፣ አንዳንድ ሙዚቀኞች በራሳቸው ገጽ የሚያቀርቡት የግል ደንበኝነት ነው። በዓመት ወይም በወር ከፍሎ የሚገባ ሰው በደንበኝነቱ ዘመን የሚወጣውን አዲስ ሥራ፣ አንዳንዴም የቀድሞዎቹን በሙሉ ያገኛል፤ የወረደውም ደንበኝነቱ ቢቋረጥ አብሮት ይቀራል። በዓመት አንድ ሥራ ለሚያወጣ ሰው ይህ ደንበኝነት ከአልበሙ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ በየወሩ ለሚቀዳ ግን ከኢሚዩዚክ የመጀመሪያ ዘመን የሚስተካከል ርካሽነት አለው። ስለዚህ ከመግባት በፊት ገጹ ላይ ያሉትን ሥራዎች የወጡበትን ቀን መቁጠር ያስፈልጋል።

በ2020 የተጀመረውና «ባንድካምፕ ፍራይዴይ» የሚባለው ዕለት ብዙዎችን ያሳስታል። በዚያ ዕለት መደብሩ ድርሻውን ይተዋል፤ ገንዘቡ የሚጨምረው ለሙዚቀኛው ነው፤ የገዢው ዋጋ አይቀንስም። በአውሮፓ የሚኖር ገዢ ደግሞ መጨረሻ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ እንደሚደመርበት ማስላት አለበት።

የኢትዮጵያን የቆዩ ካሴቶች ለሚሻ ሰው ባንድካምፕ የማይታለፍ ነው። የኃይሉ መርጊያን ሥራዎች እንደገና ያሳተመው ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በዚያ ይሸጣል። የኢትዮጵያ ስሞች በላቲን ፊደል የሚጻፉበት መንገድ ከአሳታሚ አሳታሚ ስለሚለያይ፣ በሙዚቀኛው ስም ፈልጎ ያጣ ሰው በአሳታሚው ስም ቢፈልግ በቶሎ ያገኛል።

ኮቡዝና አይቲዩንስ

በ2007 በፈረንሳይ የተመሠረተው ኮቡዝ ሁለት ነገር አጣምሯል፤ ማዳመጫም መደብርም ነው። «ሰብላይም» የተባለው ዓመታዊ ደንበኝነቱ ከተራው «ስቱዲዮ» በአሜሪካ በዓመት ወደ 50 ዶላር ሲበልጥ፣ በምላሹ ከሲዲ በላይ ጥራት ያላቸውን አልበሞች በቅናሽ ያስገዛል፤ ቅናሹ እስከ 60 በመቶ ይደርሳል ይባላል። «እስከ» የምትለው እዚህ ላይ ትታሰብበት፤ ሁሉም አልበም ያን ያህል አይቀንስም። 18 ዶላር የነበረው 10 ዶላር ከገባ በአንዱ የሚተርፈው 8 ዶላር ነው፤ 50 ዶላሩን ለመመለስ በዓመት ሰባት እንዲህ ያሉ አልበሞችን መግዛት ግድ ይላል። ከዚያ በታች ለሚገዛ ሰው በሙሉ ዋጋ መግዛቱ ያዋጣል። ከዚያ በላይ ለሚገዛ ግን፣ ቅናሽ የተደረገበት ከፍተኛ ጥራት ከዚያው አልበም የሲዲ ጥራት ረክሶ የሚገኝበት ጊዜ ስላለ ሁለቱንም ዋጋ ማየት ይገባል። አገልግሎቱ የሚሰጠው በተወሰኑ አገሮች ብቻ መሆኑም አይረሳ።

አይቲዩንስ በ2003 ሲከፈት ትራኩን በ99 ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ ከ2009 ወዲህ ቁልፉ ተነሥቷል። ደንበኝነት ስለሌለው የሚባክን ነገር የለም። አንድ ሁለት ዘፈን ገዝቶ አልበሙን በኋላ የወደደ ሰው ቀድሞ የከፈለው ተቀንሶለት ቀሪውን ማሟላት ይችላል። በዓመት ሦስት አራት አልበም ለሚገዛ ይበቃዋል።

በአልበም በሚሸጡት መደብሮች ሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልገው «100 ምርጥ» ዓይነቱ ርካሽ ጥርቅም ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከ1963 በፊት የታተሙ ቅጂዎች የባለመብትነት ዘመናቸው ስላለፈ ማንም አሳታሚ እንደገና ሊሸጣቸው ይችላል፤ የ1950ዎቹ ጃዝ በብዙ ሽፋን በርካሽ የሚገኘው ከዚህ የተነሣ ነው። አንዳንዱ ጥሩ ነው፤ አንዳንዱ ከሸክላ የተቀዳ መንሿሿት የሞላበት ነው። ናሙናውን በጆሮ ማዳመጫ ሳይሰሙ መክፈል አይገባም። ዘፋኙ በስተርጅና ዳግመኛ የቀዳቸው የወጣትነት ዘፈኖችም በቀድሞው ስም እየተሸጡ ይገኛሉና የቅጂውን ዓመት ማየት ይጠቅማል።

የኢንተርኔት ጥቅል እየገዛ ለሚያወርድ የፋይሉ ክብደትም የዋጋው አካል ነው። የአንድ ሰዓት ሙዚቃ በአይቲዩንስ 256 ኪሎቢት ወደ 115 ሜጋባይት፣ በ320 ኪሎቢት ኤምፒ3 ወደ 144 ሜጋባይት ሲሆን በሲዲ ጥራት ኤፍላክ ከ300 ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላል፤ የኮቡዝ ባለ 24 ቢት 96 ኪሎኸርዝ ደግሞ አንድ ጊጋባይትን ይሻገራል። በስልክና በመኪና ለሚያዳምጥ ሰው ኤምፒ3 ይበቃል፤ ባንድካምፕ ላይ አሁን ኤምፒ3ውን አውርዶ ሌላ ጊዜ ወደ ገጹ በመመለስ ኤፍላኩን መውሰድ ይቻላል።

በአገር ውስጥ በብር የሚከፈልበት ሰዋስው ዋናው አገልግሎቱ በመተግበሪያው ማዳመጥ ስለሆነ ከዚህ ንጽጽር ውጭ ነው። ከላይ የተጠቀሱት አራቱም የውጭ ምንዛሪ ካርድ ይፈልጋሉ። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ግን በባንድካምፕ ሊጠቀም ይችላል፤ ገዢው አልበሙን ስጦታ ብሎ የተቀባዩን ኢሜይል ካስገባ፣ አገር ቤት ያለው ሰው በሚደርሰው ማስፈንጠሪያ ገብቶ ፋይሉን በፈለገው ዓይነት ያወርዳል።