ለረጅም ቴክኒካል ማኑዋል ወርድ ወይስ ፍሬምሜከር?

ወርድን ሁሉም ያውቀዋል። ችግሩ እንደልብ መሆኑ ነው። አንዱ አንቀጹን በእጁ ያስተካክላል፣ ሌላው ከሌላ ፋይል ይለጥፋል። ከዚያ 7 መሆን የነበረበት ተራ ቁጥር 1 ብሎ ይጀምራል። መፍትሔ አለው፤ ጽሑፉን መርጠው ኮንትሮል ኪውን፣ ቀጥሎ ኮንትሮል ስፔስን ሲጫኑ በእጅ የገባው ቅርጽ ጠፍቶ ስታይሉ፣ ማለትም ለአንቀጹ አስቀድሞ የተወሰነው ቅርጽ፣ ይመለሳል። ማውጫና ማጣቀሻ በኤፍ9 ይታደሳሉ።

አዶቤ በ1995 እ.ኤ.አ. የገዛው የረጅም ሰነዶች ማዘጋጃ ፕሮግራም ፍሬምሜከር ግን የቁጥሩን አሠራር የሚይዘው እዚያው የአንቀጹ ስታይል ውስጥ ነው። በቀላሉ አይናጋም። ከስታይሉ ያፈነገጠ አንቀጽ ላይ ሲቆሙ ከታች ኮከብ ምልክት ያሳያል፤ ይህቺ ትንሽ ነገር ስንት ፍለጋ ታስቀራለች! ምዕራፎችንም ለየብቻ አስቀምጦ በአንድ የመጽሐፍ ፋይል ያስተሳስራል። ለመማር ከበድ ይላል። ለ20 ገጽ ወርድ ይበቃል፤ በየጊዜው ለሚታደስ ወፍራም ማኑዋል ግን ያለማመንታት ፍሬምሜከርን እመርጣለሁ።