የጁኒየር ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ምልመላ አገልግሎት፦ ገንዘብ ሊከፈልበት የሚገባው የትኛው ክፍል ነው?

ልጃቸው በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅርጫት ኳስ የሚጫወት ወላጆች፣ ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ከአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ጥሪ ካልመጣለት፣ «ለጁኒየር ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) አሰልጣኞች እናስተዋውቅላችኋለን» ከሚሉ አገልግሎቶች ስልክ መደወሉ አይቀርም። የእህቴን ልጅ ምልመላ የምከታተለው እኔ ስለነበርኩ፣ ከእነዚህ አገልግሎቶች አንዱን ለአንድ የውድድር ዘመን ሙሉ በክፍያ ተጠቅመንበታል። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ውል ሊፈርሙ ለተዘጋጁ ቤተሰቦች ነው።

የሚሸጡልን ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የተጫዋቹ መረጃ የሚቀመጥበት ገጽ፣ የቪዲዮ ቅንብር፣ እንዲሁም በስማችን ለአሰልጣኞች የሚላክ መልእክት። ስለ ገጹ ብዙ የምለው የለኝም፤ ቁመቱን፣ ክብደቱን፣ የትምህርት ውጤቱንና ስልኩን ማንም በራሱ በአንድ ወረቀት ሊያሰፍረው ይችላል።

የቪዲዮው ሥራ ግን በእውነት የሚመሰገን ነው። ቅንብሩን የሠራው ባለሙያ ጨዋታውን ያውቃል። እያንዳንዱ ቅንጭብ ከመጀመሩ በፊት ምስሉን ለአፍታ አቁሞ ልጁን በክብ ምልክት ያሳየዋል፤ ሙዚቃ አልጨመረበትም፤ ከዘለለባቸውና ካስቆጠረባቸው ኳሶች በፊት የተቃዋሚውን ኳስ አቀባይ ሜዳውን ሙሉ እየተከተለ ሲያስጨንቅ የሚያሳየውን አስቀድሟል። በኋላ መልስ የሰጠን አንድ ረዳት አሰልጣኝም የጠየቀን ስለዚሁ መከላከል ነበር። ቀጥሎም ያልተቆረጠ የሙሉ ጨዋታ ቪዲዮ እንድንልክለት አዘዘን፤ ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ ልጁ ኳስ ከተነጠቀ በኋላ ወደ ኋላ ሮጦ ይመለስ እንደሆነ ማየት እንደሚፈልግ ነገረን። ስለዚህ ከቅንብሩ ጎን ሁለት ወይም ሦስት ሙሉ ጨዋታዎችን አዘጋጅቶ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ አገልግሎቱ ይህን ቀድሞ አልነገረንም።

መልእክቱ ደካማው ክፍል ነው። የተላከውን ቅጂ ስጠይቅ ያሳዩኝ ደብዳቤ «ውድ አሰልጣኝ» ብሎ የሚጀምር፣ የኮሌጁን ስም እንኳ የማይጠራ፣ ለሁሉም በአንድነት የተበተነ ነበር። ቡድኑ በሚቀጥለው ዓመት የትኛው ቦታ ላይ ሰው እንደሚጎድለው ሳያዩ የሚጽፉት ደብዳቤ ከአሰልጣኝ ዘንድ መልስ ቢያጣ አያስገርምም። ጁኒየር ኮሌጅ ላይ ተጫዋች የሚቆየው ሁለት የውድድር ዘመን ብቻ በመሆኑ ቡድኖቹ በየዓመቱ ሰፊ ክፍተት አላቸው፤ የተጫዋቾቹን ዝርዝር ከኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ከፍቶ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያሉትን አጥቂዎችና ኳስ አቀባዮች መቁጠር ለማንም አይከብድም። መልስ ያመጡልን ልጁ ራሱ በአጭሩ ለረዳት አሰልጣኞች የጻፋቸው መልእክቶች ናቸው።

እጅግ ያሳዘነኝ ግን «የስኮላርሺፕ ዕድሎች» ተብሎ የተሰጠን ዝርዝር ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 የተመሠረተው ብሔራዊ የጁኒየር ኮሌጅ አትሌቲክስ ማኅበር አባላቱን በሦስት ዲቪዥን (የውድድር ደረጃ) ይከፍላል። ዲቪዥን አንድ ከትምህርት ክፍያ ጀምሮ መኝታና ምግብን ሊሸፍን ይችላል፤ ዲቪዥን ሁለት ለትምህርት ክፍያና ለመጻሕፍት ሊሰጥ ቢችልም መኝታና ምግብ በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል፤ ዲቪዥን ሦስት ግን የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። የካሊፎርኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ደግሞ በራሳቸው ማኅበር የሚተዳደሩ ሲሆኑ እነርሱም የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም። ዝርዝሩ እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ቀላቅሎ አቅርቦልናል። ቤተሰብ በጀቱን የሚያወጣው እንዲህ ባለው ዝርዝር ተመርኩዞ ስለሆነ፣ ይህን እንደ ቀላል ስህተት ልቆጥረው አልችልም። ልጁ ከኮሌጁ ጋር የሚፈርመው ውልም የሚጸናው ለአንድ የትምህርት ዘመን ብቻ መሆኑን ከአማካሪው ሳይሆን ከአንድ የኮሌጅ አሰልጣኝ ነው የሰማነው።

አማካሪው በስልክ ሲያነጋግረን ደጋግሞ የታዋቂውን ቅርጫት ኳስ ተጫዋች የጂሚ በትለርን ስም ያነሳ ነበር። በትለር በቴክሳስ ታይለር ጁኒየር ኮሌጅ አንድ ዓመት ተጫውቶ ወደ ማርኬት ዩኒቨርሲቲ መዛወሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2011ም የኤንቢኤ (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ) ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ምርጫ 30ኛ ሆኖ መመረጡ እውነት ነው። ከኦዴሳ ኮሌጅ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1991 በዚሁ ምርጫ ከሁሉም ቀድሞ የተመረጠውን ላሪ ጆንሰንንም መጨመር ይቻላል። እነዚህ ታሪኮች የጁኒየር ኮሌጅን ክብር ያሳያሉ፤ ደንበኛ የሚከፍለው ገንዘብ ምን እንደሚያስገኝ ግን አያሳዩም። ከዚያ ይልቅ ሊነገረን የሚገባው፣ የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲዎች በዝውውር የሚመጡ በዕድሜ የበሰሉ ተጫዋቾችን እየመረጡ በመሄዳቸው ከሁለተኛ ደረጃ የሚወጡ ጥሩ ጥሩ ልጆች ወደ ጁኒየር ኮሌጅ መውረዳቸውና ቦታው መጥበቡ ነበር። የትምህርት ውጤት ጉዳይም እንዲሁ በቸልታ ታልፏል። ከጁኒየር ኮሌጅ ወደ ኤንሲኤኤ (የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ማኅበር) ዲቪዥን አንድ የሚዛወር ተጫዋች በሚተላለፉለት ኮርሶች ቢያንስ 2.5 አማካይ ውጤት ይጠበቅበታል፤ ከሁለተኛ ደረጃ ሲወጣ የዚህን ማኅበር የትምህርት መስፈርት ያላሟላ ልጅ ደግሞ ከሁለት ዓመቱ ኮሌጅ መመረቅ አለበት። ስለዚህ የትኛው ኮርስ ወደየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚተላለፍ የሚያውቅ አማካሪ ያለው ኮሌጅ፣ አዲስ ጂምናዚየም ከገነባው ይልቅ ለልጁ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ አገልግሎት ከአምስት ኮከብ ሁለት እሰጠዋለሁ፤ ሁለቱም የቪዲዮ ባለሙያው ድካም ናቸው። ቪዲዮውን ለብቻው የሚሸጥ ከተገኘ መግዛት ተገቢ ነው። ሙሉ ጥቅሉን ለመውሰድ የሚያስቡ ግን ከመፈረማቸው በፊት የኮሌጆቹን ዝርዝር በየዲቪዥኑ ተለይቶ በጽሑፍ እንዲሰጣቸው፣ በልጃቸው ስም የሚላከው እያንዳንዱ መልእክትም ቅጂው እንዲደርሳቸው ይጠይቁ፤ ክፍያው ውሉ ሲያበቃ ሳይጠየቅ የሚታደስ መሆን አለመሆኑንም ውሉ መጨረሻ ገጽ ላይ ይመልከቱ።