ባለማግኔት ወይስ ባለመንጋጋ፦ የመኪና ስልክ ማቆሚያ ሲመረጥ

በመኪና ውስጥ ስልክን ከሾፌሩ ፊት ለፊት የሚያቆሙት ዕቃዎች በሁለት ይከፈላሉ፤ አንደኛው ስልኩን በማግኔት ስቦ የሚይዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግራና ቀኙን ጨምቆ የሚይዘው ባለመንጋጋ ነው። ማግኔት ስልክን ያበላሻል የሚለው ስጋት ብዙ ገዢዎችን ወደ ሁለተኛው ይገፋቸዋል፤ ስጋቱ ግን ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ያለፈ ዘመን ትራፊ ነው።

ትራፊው ሜሞሪንና ስክሪንን የሚመለከተው ነው። የቀድሞ ኮምፒውተሮች መረጃ ማስቀመጫ የነበረው ፍሎፒ ዲስክ መረጃን የሚይዘው በማግኔት ስለነበር ማግኔት ሲጠጋው ይጠፋበት ነበር፤ ጀርባው ያበጠው የቀድሞ ቴሌቪዥንም ቀለሙ ይዘበራረቅ ነበር። የዛሬ ስልክ ግን ፎቶውንና መልእክቱን በፍላሽ ሜሞሪ ውስጥ በኤሌክትሪክ ቻርጅ መልክ ስለሚያስቀምጥ የማቆሚያ ማግኔት አያጠፋበትም።

እውነተኛው ችግር ኮምፓሱና ካሜራው ላይ ነው። ኮምፓሱ የተሠራው ከ25 እስከ 65 ማይክሮቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ ጥንካሬ መለኪያ) ብቻ የሚደርሰውን የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ለመለካት በመሆኑ፣ ማግኔት ከጀርባው ሲለጠፍበት ሰሜንን ይስታል። መኪናው ቆሞ ካርታ ሲከፈት አቅጣጫ ጠቋሚው ወደ ኋላ ዞሮ ሊታይ ይችላል፤ ጉዞ ሲጀመር ግን ስልኩ አቅጣጫውን ከሳተላይት በሚያገኘው የቦታ ለውጥ ስለሚያሰላ ይስተካከላል። በካሜራ በኩል፣ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክሰው የሌንስ ማረጋጊያ ራሱ በጥቃቅን ማግኔቶች ስለሚሠራ፣ ጠንካራ ማግኔት ሲጠጋው ሊታወክ እንደሚችል አፕል ራሱ አስታውቋል። በመሆኑም ስልኩን እንደ ጉዞ ካሜራ የሚጠቀም ሰው ባለመንጋጋውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

በአጠቃቀም ረገድ ባለማግኔቱ ይቀድማል፤ በአንድ እጅ ይለጠፋል፣ በአንድ እጅ ይነሳል። ይሁንና ይህ ምቾት የተሟላ የሚሆነው በውስጣቸው የማግኔት ቀለበት ላላቸው ስልኮች ነው፤ አይፎን ከ2020 ጀምሮ በአይፎን 12 ያመጣው ዓይነት ማለት ነው። ቀለበት በሌለው ስልክ ላይ የሚለጠፈው ስስ ብረት በቻርጀሩና በስልኩ መካከል ስለሚገባ ሽቦ አልባ ቻርጅን ያግዳል፤ ብረቱም ይሞቃል። እንደ እኔ አስተያየት፣ ሽቦ አልባ ቻርጅ ለለመደ ሰው ብረት መለጠፍ ኪሳራ ነው። ወፍራም ሽፋንም ስበቱን ስለሚያዳክመው ከመግዛት በፊት ስልኩን ከነሽፋኑ ለጥፎ ጠንከር አድርጎ ማወዛወዝ ያስፈልጋል።

ባለመንጋጋው ለየትኛውም ስልክ ይሆናል፤ ከሥር ደገፍ የሚያደርግ እግር ካለው በኮረኮንች መንገድ ላይም ስልኩን አይጥልም። ጉድለቱ መንጋጋው የድምፅ ወይም የማጥፊያ ቁልፍ ላይ ሊያርፍ መቻሉ ነው፤ ስለዚህ ክንዱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተተውን መምረጥ ይበጃል።

ከስልኩ ጀርባ ካርድ የሚያኖር ሰው ደግሞ መረጃው በማግኔት የተጻፈበት ጥቁር መስመር ያለበትን ካርድ፣ በተለይ የሆቴል ክፍል መክፈቻን፣ ከማግኔቱ ማራቅ አለበት፤ የካርዱን ቺፕ ግን ማግኔቱ አይነካውም። ፔስሜከር (የልብ ምትን የሚያስተካክል መሣሪያ) የተተከለለት ሰው ማግኔቱን ከደረቱ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ማራቅ ስለሚገባው፣ ዳሽቦርድ ላይ የተተከለ ማቆሚያ ብዙም አያሰጋውም፤ የሚያሰጋው ማግኔቱን ነቅሎ በደረት ኪሱ ሲይዘው ነው።